ይቀመጥ የተባለው ዊልቸር

ከሰው ይልቅ ለዕቃ የሚሳሳ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፒያሳ፣ ለአካል ጉዳተኞች ዕርዳታ የሚሰጥ አንድ ቢሮ ውስጥ አገኘሁት። መራመድ የማትችል ልጄን አዝዬ ስገባ፣ የተፈቀደላት ዊልቸር ከነመሸፈኛ ላስቲኩ መጋዘን ውስጥ ቆሟል።

«ምነው አትሰጡንም?» አልሁት መጋዘን ጠባቂውን።

«አያ፣ የናንተ ሰፈር መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ጎማው ይበላሻል። እዚሁ ይቀመጥላችሁ።»

እንግዲህ ፍረዱ፤ ልጄ እንድትቀመጥበት የመጣው ወንበር ራሱ ይቀመጥ ተባለ። ምናልባት ሹም ሊጎበኝ ሲመጣ ላስቲኩ ይወለወልለት ይሆናል።

«ልጄስ የት ትቀመጥ?» ብዬ ስቆጣ፣ ከጀርባዬ ድምጿን ሰማሁ።

«ተወው አባዬ። አንተስ እንዳልጎዳ ብለህ አይደል ከትምህርት ቤት ያስቀረኸኝ?»

ለሰውዬው ያዘጋጀሁትን ተግሣጽ ትቼ ወደ በሩ ዞርሁ። ወንበሩን ትተን ስንመለስ፣ እንደዚያን ቀን ከብዳኝ አታውቅም።