የካሎሪው ጨረታ

የሰው ልጅ እሳትን ካገኘ ወዲህ ካከናወናቸው ታላላቅ ተግባራት አንዱ በእኛ ቤት ሳሎን፣ በሶፋው ግራ ጥግ ላይ መከናወኑን የምገልጸው በታላቅ ትሕትና ነው። እኔ የግዥ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ያለ እኔ ፊርማ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ማስቲካ እንኳ አይታኘክም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ልታገባ ነው። በእጮኛዋ ቤተሰቦች ፊት ተነሥቼ፣ እኔው በተሞሸርኩበት ሱፍ ክንዷን ይዤ አዳራሽ እንደማስገባት መግለጫ ሰጠሁ። ተጨበጨበልኝ። ቤት ገብቼ ሱፉን ስለካው ግን ቁልፉና ቀዳዳው ተፋትተው መኖር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር።

ልጄ አላሳቀቀችኝም። ስልኬን ተቀብላ የምግብ ካሎሪ የሚፈለግበት ድረ ገጽ ከፈተችልኝና ከመብላቴ በፊት እያየሁ እንድበላ መከረችኝ። ምክሯ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ከባድ የአሠራር ግድፈት ነበረበት፤ ከአንድ አቅራቢ ብቻ መግዛት ያስጠይቃል። ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ድረ ገጾች ፈልጌ ሦስቱንም በግልጽ ጨረታ አወዳደርኳቸው። ለአንድ የተቀቀለ እንቁላል አንደኛው ዘጠና፣ ሁለተኛው ሰባ ስምንት፣ ሦስተኛው ሃምሳ አምስት አቀረቡ። ሦስተኛው አሸነፈ። በተገኘው ቁጠባም ሌላ እንቁላል በላሁ።

«አባዬ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ትንሹን የምትወስደው?» አለችኝ ልጄ።

«ሕግ ነው።»

«ሆድህ ሕጉን ያውቀዋል?»

የወጣት ጥያቄ ስለሆነ ወደሚቀጥለው እንቁላል አለፍኩ።

የጨረታው ታሪካዊ ድል የተመዘገበው አማቴ የድንች ጥብስ ይዘውልን የመጡ ዕለት ነው። ለጥራት ስል «የአማቴ ድንች ጥብስ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም አቅራቢዎች በአንድ ድምፅ «መረጃ አልተገኘም» አሉ። ወዲያው መመሪያ አወጣሁ፤ ያልተገኘ ነገር ዜሮ ነው። በአገልግሎት ዘመኔ እንዲህ ያለ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች አይቼ አላውቅም። ሦስተኛ ሳህን ስጠይቅ አማቴ፣ እስከዚያ ቀን ምግባቸውን ያመሰገንኩበት ጊዜ ስለሌለ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይልኩልኝ ጀመር።

የሠርጉ ዋዜማ ሱፉን ለካሁት። ድሮ እንቢ ያለው ቁልፉ ብቻ ነበር፤ አሁን እጅጌውም አድማውን ተቀላቅሏል። ጨርቁ ቁምሳጥን ውስጥ ተሸብሽቦ እንደሆነ ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። በጽሞና አዳመጠችኝ። ከዚያ ወጥታ፣ በቅጥነቱ «ቀጭኔ» የምንለውን ወንድሟንና ጎረቤታችንን ሹፌሩን ይዛ ተመለሰች።

«ሦስት ተወዳዳሪ ሞልቷል» አለች። «ሚዛኑ መታጠቢያ ቤት ነው። ትንሹን ያቀረበ ሱፉን ይለብሳል፣ ልጅቷንም ያስገባል።»

«ሴትዮ፣ ይሄ እኮ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«ሕግ ነው አላልክም? ቅሬታ ካለህ አቅርብ።»

የተሸናፊዎችን ቅሬታ መሳቢያ ውስጥ ስቆልፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቅሬታ የት እንደሚደርስ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቀጭኔ አሸነፈ። ሱፉ ለእሱ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ማታ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «አባዬ፣ ሱፉን ተወው። በሹራብህም ቢሆን አንተው አስገባኝ» አለችኝ።

«የተሰጠ መግለጫ አይሻሻልም» አልኳት። እጄን ለቀቀችኝ።

ሠርጉ አምሮ ዋለ። ልጄ በቀጭኔ ክንድ ስትገባ እኔ ከኋላ፣ ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሦስቱን አቅራቢዎች እያወዳደርኩ ነበር። አሁን ትልቁ የሠርግ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል፤ ከሶፋው ግራ ጥግ ፊት ለፊት። ሙሽሮቹ አሉ፣ ባለቤቴ አለች፣ አማቴ አሉ፣ ሱፌ መሀል ላይ ቆሟል። መነጽሬን አድርጌ፣ ቀረብ ብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። እኔ አልተገኘሁም።

መመሪያው ደግሞ የራሴ ነው።