ሜይ ማለት ፈቃድ ነው

[ሰበታ፣ የአንድ ክር ፋብሪካ ቢሮ በር ላይ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፊት ለፊቱ ሁለት ሰዎች ቆመው ይከራከራሉ። ሐምዱ ስድስት ዓመት ሙሉ የክር ጥቅል በትከሻው ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ወገቡ በቃኝ ብሎታል። የፈረቃ ኃላፊ ሊመረጥ ነው ሲባል ሰምቶ መጥቷል፤ ይኼ ካመለጠው መሸከሙን ይቀጥላል። ወንዳፍራሽ ደግሞ የመጋዘን ጸሐፊ ነው። ቡራዩ ሄዶ ሦስት ወር የእንግሊዝኛ ኮርስ ከወሰደ ወዲህ ሰው እስከ መጨረሻ ሰምቶ አያውቅም።]

ወንዳፍራሽ፦ ስማ፣ አርፈህ ወደ ጥቅልህ ተመለስ። ይኼ ነገር ላንተ አይደለም።

ሐምዱ፦ ለኔ እንዳልሆነ የት ላይ ነው የጻፉት? እስቲ እንደገና አንብብልኝ።

ወንዳፍራሽ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] «ኤኒ ዎርከር ሁ ሜይ ኖት ስፒክ ኢንግሊሽ ካን አፕላይ።» ገባህ?

ሐምዱ፦ መጨረሻው ገብቶኛል፤ ማመልከት ይችላል ነው። ማን ነው የሚችለው?

ወንዳፍራሽ፦ እሱን ነዋ የሚጠይቀው። «ሁ» ማለት «ማን» ማለት ነው። ሠራተኛ፤ ማን?

ሐምዱ፦ የጥያቄ ምልክቱስ የታል?

ወንዳፍራሽ፦ ፕሪንተሩ ቀለም ጨርሶ ይሆናል። ደሞ አንተን ስለ ጥያቄ ምልክት ምን አገባህ?

ሐምዱ፦ እሺ ይቅር። «ሜይ ኖት»ስ?

ወንዳፍራሽ፦ ተማሪ እያለህ ሽንትህ ሲመጣ አስተማሪውን ምን ትለው ነበር?

ሐምዱ፦ «ሜይ አይ ጎ አውት ቲቸር።»

ወንዳፍራሽ፦ በቃ፣ ሜይ ማለት ፈቃድ ነው። ሜይ ኖት ሲሆን ክልክል ነው። ስለዚህ «እንግሊዝኛ መናገር የተከለከለ ሠራተኛ ያመልክት» ነው የሚለው።

ሐምዱ፦ ሰው እንግሊዝኛ ለምን ይከለከላል?

ወንዳፍራሽ፦ አለቆቹ ሲያወሩ የሚሰማባቸው ሰው አይፈልጉማ። ይኼ እንኳ አይገባህም?

ሐምዱ፦ ልጄ ራያ መጽሐፏ ላይ «ኢት ሜይ ሬይን» የሚል አለ። ሊዘንብ ይችላል ማለት ነው አለችኝ።

ወንዳፍራሽ፦ ታዲያስ፣ ዝናቡ ፈቃድ አግኝቷል ማለት ነው።

ሐምዱ፦ ከማን?

ወንዳፍራሽ፦ [በጣቱ ሰማዩን እያሳየ] ከማን ይሆናል? አይ ሐምዱ፣ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ተማምነህ ነው ከኔ ጋር የምትከራከረው?

ሐምዱ፦ አልተከራከርኩም። እንደሷ አነጋገር ከሆነ ግን ይኼ «እንግሊዝኛ ላይችል የሚችል ሠራተኛ» ነው የሚሆነው። ቢችልም ባይችልም ይምጣ እንደማለት።

ወንዳፍራሽ፦ [ሆዱን ይዞ እየሳቀ] ላይችል የሚችል። ሰው ወይ ይችላል፣ ወይ አይችልም። ላይችል የሚችል ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?

ሐምዱ፦ እኔ አለሁልህ። እስከዛሬ ትችላለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

[በሩ ተከፈተና የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ኤልሳቤት አንገቷን ብቅ አደረገች።]

ኤልሳቤት፦ ለፈረቃ ኃላፊነት የሚያመለክት አለ?

ወንዳፍራሽ፦ [ሐምዱን በክርኑ ገፍቶ] አለሁ።

ሐምዱ፦ [በሹክሹክታ] አንተ? እንግሊዝኛ የሚችል አይፈልጉም አላልክም እንዴ?

ወንዳፍራሽ፦ [በሹክሹክታ] እዚያ ስገባ አልችልማ። ከዛሬ ጀምሮ የተከለከልኩ ነኝ።

[ገባ። ሐምዱ ገርበብ ባለው በር አየ። ሥራ አስኪያጁ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጡት፤ ዝም። ስሙን ጠየቁት፤ ዝም። ኤልሳቤት በአማርኛ «ስምህን ነው የሚሉህ» ስትለው አፉን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘና ራሱን ነቀነቀ። ሥራ አስኪያጁ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሡ። ስንት ጊዜ የሰደበው ሰው ቢሆንም ሐምዱ አፈረለት።]

ወንዳፍራሽ፦ [ወጥቶ በደስታ] አለቀ፣ ደቀቀ። በአማርኛ ስመልስ እንግሊዝኛው ሾልኮ እንዳያመልጠኝ ብዬ አፌን ዘጋሁት። እንዴት እንደወደዱኝ ብታይ። ወረቀት እየጻፉልኝ ነው።

[ተራው ደርሶ ሐምዱ ገባ። «ማይ ኔም ኢዝ ሐምዱ፤ ኢንግሊሽ ስሞል» አለ ላቡን እየጠረገ። ከዚያ በኋላ ኤልሳቤት እየተረጎመችለት፣ ማሽን ሲቆም ምን እንደሚያደርግ፣ ሠራተኛ ሲጣላ እንዴት እንደሚያስታርቅ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ አስረዳ። ጨርሶ ወጣ። ጥቂት ቆይታ ኤልሳቤት ወረቀት ይዛ ተከተለችው።]

ኤልሳቤት፦ ሐምዱ፣ እንኳን ደስ አለህ። ከአሁን ጀምሮ የፈረቃ ኃላፊ ነህ። እሳቸው የፈለጉት ሠራተኛውን በቋንቋው የሚያግባባ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላቸውም።

ሐምዱ፦ [ግድግዳውን ተደግፎ] አልሐምዱሊላህ። ወገቤ ተረፈ።

ኤልሳቤት፦ ወንዳፍራሽ፣ ይኼ ደሞ ያንተ ነው። አይዞህ፣ እሺ?

ወንዳፍራሽ፦ [ወረቀቱን ነጥቆ] «ኤ ዎርከር ሁ ሜይ ቢ ሲክ።» አየህ ሐምዱ? «ለመታመም የተፈቀደለት ሠራተኛ» ይላል። አንተ ከሠራተኛ ጋር ስትጨቃጨቅ ዋል፤ እኔ ቤቴ ተኝቼ እንድታመም ተፈቅዶልኛል። ለስንት ቀን ነው ኤልሲ?

ኤልሳቤት፦ እንዴ፣ ትናገራለህ እንዴ? ትናንት ሲለፈልፍ የዋለ ሰው ዛሬ አፉን ይዞ ዝም ሲል፣ ምላሱን አንድ ነገር ነክቶታል ብለው እኮ ነው እሳቸው የተጨነቁት።

ሐምዱ፦ [ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ] ወንዴ፣ «ሊያመው የሚችል ሠራተኛ» ነው የሚለው። ከሥሩ ደሞ በአማርኛ የፈረቃ ኃላፊው ክሊኒክ ያድርሰው ይላል። ና እንሂድ።

ወንዳፍራሽ፦ አልታመምኩም እኮ። ዝም ያልኩት አውቄ ነው።

ሐምዱ፦ [ክንዱን ይዞ እየመራው] እኔ አምንሃለሁ። ሐኪሙ ፊት ግን አውቄ ነው እንዳትል፤ ያልክ እንደሆነ ምላስህን ትቶ ጭንቅላትህን ነው የሚመረምረው።