ቁልቁለቱ ወደ ቶሮንቶ

በየሰፈሩ አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ አንድ የበረራ ሊቅ አይጠፋም። ሰበታም አለ፣ ሱሉልታም አለ። የእኛ የቡራዩው ክቡር ኦቦ ጋሮማ ግን የሁሉም የበላይ ናቸው። ከሰማይ ድምፅ ከተሰማ ወሬ ያቋርጣሉ፣ አንገታቸውን ደግፈው ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ብይን ይሰጣሉ፦ «የጓንዡ ነው። ዛሬ ጭነት በዝቶበታል።» አንዴ ሄሊኮፕተር አይተው «የናይሮቢ» ብለው አሳልፈውታል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በአምቦ መንገድ ሚኒባስ ነድተዋል። ስለዚህ ለእርሳቸው ሰማይም መንገድ ነው፤ ዳገት አለው፣ መታጠፊያ አለው፣ ካይሮ ላይ ወራጅ አለ።

ትልቁ ግኝታቸው የቶሮንቶው ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳበትን ሰዓት እዚያ ከሚደርስበት ሰዓት ቀንሰው አሥር ሰዓት አገኙ። የመልሱንም እንዲሁ ቀነሱ፤ ሃያ ሆነ።

«ግልጽ ነው» አሉ። «ሲሄድ ቁልቁለት፣ ሲመለስ ዳገት።»

እዚያ ጠዋት ሲሆን እዚህ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ፣ «መንጃ ፈቃድ አለህ?»

የለኝም። ክርክሩም በዚያው ተዘጋ።

ባለፈው ወር ልጃችን ሐኒ ለትምህርት ወደዚያው ወደ ቶሮንቶ ሄደች። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቴ ስንዱ እህል አልቀመሰችም። «በረራው አሥራ ስድስት ሰዓት ግድም ነው» ብላት ማን ይስማኝ! ኦቦ ጋሮማ አሥር ብለዋላ።

ማታ የተነሳችው ልጅ ጠዋት ላይ አሥር ሰዓቷ ሞላ፤ ስልክ የለም። ስንዱ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ በየደቂቃው ታየው ጀመር።

«ገና ነች እኮ» አልኳት።

«ኦቦ ጋሮማ ተሳሳቱ ነው የምትለኝ? አንድ ነገር ሆናለች!» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እያየኋት እኔም ቁልቁለቱን ማመን ጀመርኩ። ሮጬ ኦቦ ጋሮማን ጠራኋቸው።

መጥተው ፊቷን አዩ። እኔ የነፋስና የነዳጅ ማብራሪያ ነበር የጠበቅኩት። ኦቦ ግን ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ማሎ፣ እባክሽ ስንዱ ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «ተሳፍሬ አላውቅ! ዝም ብዬ ነው የማወራው። ልኩ ባልሽ ተድላ ያለው ነው። ትደርሳለች።»

ሰፈሩ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም። ከዚያም ከጎኗ ሳይነሱ ዋሉ። በላያችን ድምፅ ሲያልፍ እንኳ ቀና አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ሐኒ ደወለች። «እማ፣ ደርሻለሁ! ብርዱ ጉድ ነው!» ስንዱ እልል አለች። ኦቦ ጋሮማ ዓይናቸውን በኮፍያቸው ጠረጉ።

በማግሥቱ ጠዋት በራችን ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ተድላ» ብለው ደህና ማደሬን ጠየቁና ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ነው የወረደው። ለዚያ ነው የቆየው። ጠንቃቃ ሹፌር ነው፣ ይባረክ።»

እኚህን ሰው በጣም እወዳቸዋለሁ።

«ልክ ነዎት፣ ኦቦ» አልኳቸው።

ይኼኔ ከላይ ድምፅ ተሰማ። ሁለታችንም ቀና አልን።

«የጓንዡ ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ።