ማክሰኞ የገባ የነነዌ ጾም

«ተሻሽሏል» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ። መንገዱ ተሻሻለ ሲሉን አቧራው ጨመረ፤ አሠራሩ ተሻሻለ ሲሉን ወረፋው ረዘመ። እናንተዬ፣ እኛን ደብረ ታቦሮችን የጉና ብርድ አልበቃን ብሎ ነው ይሄ ሁሉ መሻሻል የሚወርድብን?

ታላቅ ወንድሜ አስማማው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የቆሎ ተማሪ። አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶለት የሄደ አሮጌ የቤት ኮምፒውተር ነበረችው። ከቴሌቪዥን ጋር የምትገጠም፣ መላ አካሏ የመጻፊያ ቁልፍ የሆነ ጉድ። የምታውቀው ሁሉ ከፋብሪካ በአንዲት ቺፕ ተቀርጾላት የመጣ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ስህተቷንም ጭምር አትለቅም። ስታካፍል ትሳሳታለች። አስማማው በዚህች ላይ ነው እንግዲህ ባሕረ ሐሳብን የጻፈው! ዓመቱን ሲነግራት ጾሙ የሚገባበትን ቀን ታወጣለታለች። ሁልጊዜ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ይጨምርላታል። «ታነክሳለች፤ ባነከሰችበት በኩል ደገፍኳት» ይል ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤት ጓደኛው መሪጌታ ውብሸት ግን አላመኑትም። «ባሕረ ሐሳብን ቆርቆሮ አይቆጥረውም» እንዳሉ አስማማው ሞተ።

ተዝካሩ ሲደርስ ሚስቱ እትዬ ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ለመነችን፤ መሪጌታ ሥራውን በሰው ፊት ይዩለት አለች። ኮምፒውተሯ ግን አልበራ አለች። ከአዲስ አበባ የመጣው አማቻችን ቢፈታታት የኤሌክትሪክ ገመዷ ተበጥሶ ኖሯል። ቀጠለው፤ በራች። እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ለመለዋወጫ ካመጣት፣ ኋላ ከተሠራች የእሷው ዓይነት ኮምፒውተር ቺፑን ነቅሎ ተከለላት። «የተሻሻለው ነው፤ የማካፈል ስህተቱ ታርሟል» አለን። አሮጌውን የት እንደጣለው እግዜር ይወቅ። እኛም መረቅነው።

በተዝካሩ ዕለት ጠላው ተቀድቶ፣ ዳሱ ሞልቶ፣ አስማማው በካሴት ቀርጾ ያስቀመጠው ሥራ ተጫነባት። የዘንድሮው ነነዌ መቼ ይገባል ተባለች። ማክሰኞ አለች።

ማክሰኞ! ነነዌ ሰኞ እንደሚገባ የእብናት ፍየል እንኳ ያውቃል። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። መሪጌታ አልሳቁም፤ አዘኑ፤ እሱ ይብሳል። «ነፍሱን ይማር፤ ነግሬው ነበር» አሉ። እትዬ ሙሉ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ብድግ ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። መሪጌታ ይስሙኝ፣ ስህተቱ የኮምፒውተሯ ነበር፣ አስማማው አቃንቶላት ነበር፣ አሁን እሷ ስትታረም የእሱ ጭማሪ ትርፍ ሆነ አልኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታዲያ እሷ ልክ ከሆነች የተሳሳተው ማነው?» አሉኝ። ወደ ኮምፒውተሯ ዞርኩ።

መላው ቀላል ነበር፤ እሱ የጨመራትን አንዲት መስመር ማጥፋት። ጣቴን ስሰነዝር እትዬ ሙሉ እጄን ያዘችኝ። የእጁን ሥራ አጥፍተህ ነው ልክ ነበር የምትለኝ አለች። ተውኩት።

ነነዌ እንደ ወጉ ሰኞ ገባ። እትዬ ሙሉም ሦስቱን ቀን ከአገሩ ጋር ጾመች። ሐሙስ ሰው ሁሉ ሲፈስክ ግን ማዕዱን ገፋ አደረገችው። ምነው ስላት፣ «የእናንተው አለቀ፤ የአስማማው አንድ ቀን ይቀረዋል» አለችኝ።