በባቡር ፈረንሳይኛ

አታምኑኝም። አባቴ ይሙት፣ አታምኑኝም። አባቴ እርግጥ ከሞተ ሰንብቷል፤ መሐላ ግን እንደ ድሮ ካፖርት ነው፣ ባለቤቱ ባይኖርም ያሞቃል። እኔ ራሴ ቆሜ እያየሁት ያላመንኩትን ነገር እናንተ ተቀምጣችሁ እመኑልኝ ብዬ አልጨቀጭቃችሁም። ቅመም የበዛበት ከመሰላችሁ ቅመሙን በእንጀራ ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ወጡን ብሉ።

ነገሩን ከወተት ልጀምር። ቶሮንቶ የገባሁ ሰሞን ወተት ገዝቼ ካርቶኑን ባገላብጠው በአንዱ ጎኑ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በሌላው ጎኑ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ አለበት። ሀ ብዬ ጀምሬ ለ ላይ ከመሪጌታው ጋር የተጣላሁ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱም አልገቡኝም፤ የተማረ ሰው ብጠይቅ አንዱ እንግሊዝኛ ሌላው ፈረንሳይኛ ነው አለኝ። ወተቱስ? ወተቱ ያው አንድ ነው። ያን ጊዜ የዚህ አገር ምስጢር ተገለጠልኝ። ካናዳ ሁለት ሚስት ያገባ ባል ነው። ትልቂቱ እንግሊዝኛ ናት፤ ቤቱንም ጓዳውንም ቁልፉንም ይዛለች። ታናሺቱ ፈረንሳይኛ ናት፤ ቆንጆ ናት፣ ማኩረፍ ታውቃለች፣ በዚያን ዘመን ደግሞ ኩቤክ የሚሉትን ክፍለ ሀገሯን ከነጓዟ ጠቅልላ ልትሄድ በር ላይ ቆማ ነበር። እንዲህ የሆነበት ባል ምን ያደርጋል? ለታናሺቱ ቀሚስ ይገዛል። ትልቂቱ ጥርሷን እየነከሰች፣ እሱ ይገዛል።

ከቀሚሶቹ አንዱ ዘፈን ነው። መንግሥት በፈረንሳይኛ ለሚዘፍን ሰው፣ እንዲሁም ለትልቅ ኩባንያ ሳያድር በራሱ አቅም ካሴት ለሚያወጣ አሳታሚ ድጋፍ ይሰጣል። እኛ አገር መንግሥት ዘፋኝን የሚያስታውሰው ወይ መወደስ ሲያምረው ወይ ማሰር ሲፈልግ ነው፤ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ ሳምንት። እዚህ ግን መንግሥት አልጋው ላይ እየተገላበጠ «ዛሬ ማን በፈረንሳይኛ ዘፈነልኝ ይሆን?» ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

ይህን እንዴት አወቅህ ትሉኝ እንደሆነ፣ ሪጀንት ፓርክ ስኖር ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ጊታር የሚጫወት የኮንጎ ሰው ነበር። እሱ ሲጀምር ኮርኒሴ ይጨፍራል፣ ድስቴ ከምድጃው ይወርዳል። አንድ ቀን ድምፅህን ቀንስ ልለው ደረጃውን ብወጣ ፊቱ እንደ ፋሲካ ሌሊት በርቶ ጠበቀኝ። ድጋፍ አገኘሁ፣ ላሳትም ነው አለኝ። ለምን ብለው፣ በፈረንሳይኛ ስለምዘፍን አለኝ። ልቆጣ ወጥቼ እንኳን ደስ አለህ ብዬ ወረድኩ። ከዚያ ስትሪትካር እንኳ ሳልጠብቅ በእግሬ ዳንፎርዝ፣ ጽጌ ሱቅ ደረስኩ። ወሬ ይዞ የሚሮጥን ሰው በረዶ አያዳልጠውም።

ጽጌ በርበሬና ካሴት የምትሸጥ ሴት ናት። ከሱቋ ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ቴፕ ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ይቀዳል። ማሳተሚያ ቤት ማለት እሱ ነው። የኮንጎውን ነገር ስነግራት፣ ባል የሌለኝ፣ ባንክ የማያውቀኝ፣ ከእኔ የበለጠ በራሱ የቆመ አሳታሚ ካናዳ ውስጥ ካለ አሳየኝ አለችኝ።

የነበራት ዘፋኝ አንድ ነው፤ ጌትዬ። አዝማሪ የአዝማሪ ልጅ፣ ማሲንቆውን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልሎ በሱዳን በረሃ ያሻገረ ሰው። ሥራው ፓርኪንግ መጠበቅ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጽጌ ሱቅ በበርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። በስሙ የወጣ አንድም ካሴት የለውም። አልበርታ ያለ የአክስቱ ልጅ ከብት የሚታረድበት ፋብሪካ ሥራ አግኝቼልሃለሁ፣ ና እያለ በየጊዜው ኮል ያደርግለታል። ጌትዬ ለጽጌ ቁርጡን ነግሯታል፤ በረዶው ሳይቀልጥ ካሴቴ ካልወጣ እኔ ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ የጨበጠ እጅ ማታ ማሲንቆ አይታዘዝለትም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ጽጌም ታውቃለች፣ አሁን እናንተም አወቃችሁ።

ችግሩ ጌትዬ ፈረንሳይኛ አይችልም። ጽጌም አትችልም። እኔ አማርኛውንም በአማላጅ ነው። የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ ኢስት ዮርክ የሚኖሩት ጋሽ ተካ። ጋሽ ተካ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠሩ አርጅተው፣ ዛሬም ሰው ሲያረፍድባቸው «ስንት ጣቢያ ቆምክ?» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ፈረንሳይኛቸው የጠራ ነው፤ ግን ሐዲዱን ለቆ አያውቅም። ቲኬት፣ ሻንጣ፣ መስኮት፣ ሦስተኛ ማዕረግ፣ የባቡር መዘግየት፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

«ጋሽ ተካ፣ ስለ ፍቅር የሚሆን ነገር አያውቁም?» አለቻቸው ጽጌ።

ትንሽ አሰቡ። «ስለ ጠፋ ዕቃ አውቃለሁ» አሉ። «ይቀራረባል።»

ጌትዬ የማያውቀውን ቋንቋ እንዴት ዘፈነው እንዳትሉኝ። አዝማሪ እኮ የራሱን ብቻ አይዘፍንም፤ ከአድማጭ አንዱ ስንኝ ያቀብለዋል፣ «ተቀበል!» ይለዋል፣ እሱም ሳያዛንፍ በዜማ ይመልሰዋል። ስድብም ቢሆን ሙገሳም ቢሆን አይመርጥም። ጌትዬ ደግሞ ፍየል ብትጮህለት ከነሳሏ የሚቀበል ሰው ነው። ጋሽ ተካ ከጆንያው አጠገብ በርጩማ ስበው «ተቀበል!» ይሉታል፤ የጣቢያውን ማስታወቂያ ይነግሩታል፤ እሱ በአምባሰል ይመልሰዋል። ትርጉሙ በኋላ ሲነገረን «ክቡራን ተሳፋሪዎች በመስኮት ብቅ አትበሉ፣ የጠፋባችሁን ሻንጣ ከጣቢያው ሹም ጠይቁ» ማለት ነበር። ግን በጌትዬ ድምፅ ስሙት! በርበሬ ሊገዙ የመጡ ሴትዮ ሻንጣው የማን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱለት።

አፕላይ አደረግን። ጽጌ ድጋፉን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት የተቀዳውን ካሴት ብትልክ፣ ከኩቤክ የመጣች ማዳም ጆዜት የምትባል ሹም ደወለች፤ ዘፋኙን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ አለች። ጽጌ ሦስት ዓይነት ወጥ ሠራች። ጋሽ ተካ የምድር ባቡር ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ያ ኮት አዝራሮቹ እንዲህ ያበሩ ነበርና ዳንፎርዝ ላይ የሚያልፉ መኪናዎች መብራት ያዩ መስሏቸው ቆሙ። (ይህኛው ቅመም ነው።)

ማዳም ጆዜት አጠር ያለች፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚበልጥ፣ ለመሳቅ ፈቃድ የምትጠብቅ የምትመስል ሴት ናት። ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጌትዬ ጀመረ። በመስኮት ብቅ አትበሉ የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የሻንጣው ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ሲጨርስ ለጋሽ ተካ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ እኛ አገር ገጣሚዎች በእንዲህ ያለ አነጋገር ለመጻፍ ስንት ዓመት ይደክማሉ ማለቷ ነው። ጋሽ ተካ ኮታቸውን አስተካክለው እጅ ነሡ። ባቡር ያለ ጊዜው ሲደርስ ለምን አይባልም።

እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ጨርሰን ነበር። እኛ ግን የት እንቆማለን? እንግዳ መጥቶ፣ አዝማሪ ቤት ተቀምጦ፣ አንዲት ስንኝ ሳይሰጥ ቢሄድ ነውሩ የማን ነው? የባለቤቲቱ ነው። ጽጌ ማዳምም ትስጥ እንጂ አለች። ጋሽ ተካ ነገሯት። ማዳም አይሆንም አለች፤ ለሥራ ነው የመጣሁት፣ ደንብ አለብኝ አለች። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ጨዋ ሰው ብላ ሲባል መጀመሪያ በልቻለሁ አይልም? በልቻለሁ ስላለ ተርቦ ይሄዳል? እኛ አይሆንም ማለቷን ጨዋነት ነው ብለን ወሰድነው። ምን ያለች የታረመች ልጅ ናት እየተባባልን ባሰብንባት። ጽጌ «በሞቴ» አለች። ጋሽ ተካ «በሞቴ»ን ቃል በቃል በፈረንሳይኛ ቢነግሯት ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ታመዋል እንዴ፣ አምቡላንስ ልጥራ አለች። የለም፣ ስንኝ ካልሰጠሽ ነው አሏት።

በሰው ነፍስ ከመጠየቅ ብላ መሰለኝ፣ ተቀመጠች። ቦርሳዋን መሬት አኖረች። ለአፍታ ወደ በረዶው አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና አንድ ነገር አለች። ጌትዬ ተቀበላት። ጋሽ ተካ የኮታቸውን የላይኛውን አዝራር ፈትተው አማርኛውን እንዲህ አድርገው ሰጡን፦

ቦንዡር ብለው ጠዋት ጎረቤት ዝም አለ፣
ቋንቋዬ ከደጁ እንደቆመ ዋለ።

በርበሬው እንኳ መሽተት አቆመ። እኛ መንግሥት መጣብን ብለን ስንርበተበት ለካ የመጣችው የሚያዋራት ያጣች ሴት ናት። ማዳሟ የሁላችንን ነገር ነው የተናገረችው፤ በአሳንሰር ውስጥ ደህና አደሩ ብሎ ግድግዳ ያልመለሰለት ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ከዚያ «ይበል! ይበል!» ነው። ማዳምም ገመዱ እንደተፈታለት ጥጃ ሆነች፤ ስለ እናቷ፣ ስለ መንደሯ ወንዝ፣ ዳቦ ሻጩ ስሟን ስለሚያበላሽባት፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትሰጣለች። ጌትዬ ይቀበላል። ከመጋረጃው ጀርባ ቴፑ ይቀዳል።

ሲያልቅ ዓይኗን ጠረገች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ቦርሳዋን ስታነሣ ሹመቷን አስታወሰች። ፊቷ ተለወጠ። ለጋሽ ተካ ረጅም ነገር ነገረቻቸው፤ እሳቸው አጭር አድርገው አቀበሉን። የዘፈኑ ዋና ግጥም አሁን የእኔ ነው፣ የራሴን ሥራ ደግሞ እኔ ልፈርድበት አልችልም፣ ፋይሉን ለባልደረባዬ ማሳለፌ ነው። ጽጌ እንግዲያው ያንቺን ስንኝ እናውጣውና የባቡሩን ብቻ እናስቀረው አለች። ማዳም ግን ሳቀች፤ ከሰማሁት በኋላ እንዴት አልሰማሁም ልበል አለች። ጌትዬ ማሲንቆውን በጋቢው መጠቅለል ጀመረ። ጽጌ አንድ ሳምንት ብቻ ብላ ጫማውን ያዘች። የአክስቱ ልጅ በዚያው ሳምንት የአውቶቡሱን ትኬት ላከለት።

በሳምንቱ ባልደረባው መጣ። ሙሴ ፖል ይባላል፤ ሙሴያቸው የእኛ አቶ መሆኑ ነው። ደረቅ ሰው ነው ስላችሁ፣ ቋንጣ አጠገቡ ቢሰቀል ርጥብ ይመስላል። በማዳም የደረሰውን ሰምቶ ተጠንቅቆ የመጣ ይመስላል፤ ወጡንም አልቀምስም አለ፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። እኛም ከስሕተታችን ተምረን ማንም ስንኝ ስጥ እንዳይለው ተማማልን። ጌትዬ የማዳምን ዘፈን ዘፈነ፤ ጎረቤት ዝም አለ የሚለውን። ማንም ምንም አላለውም። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ጽጌ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር። ሰውዬው ግን ይቁነጠነጥ ጀመር። አንገቱ ቀላ። ድንገት እጁን ፈታና፣ የዚህች ሴት ጎረቤት እኮ ቢያንስ ዝም ብሎ ይተዋታል፣ የእኔ ጎረቤት ውሻዬን በፈረንሳይኛ ስጠራው ፖሊስ ጠራብኝ ብሎ፣ በአማርኛ «ተቀበል!» አለው። «ተቀበል!» ማለትን ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንዲህ ሆኖ ሁለተኛውም ዳኛ እንደ ማዳም ስንኝ ሰጥቶ ከዳኝነቱ ሄደ። የመሥሪያ ቤቱ ድጋፍም አብሮ ሄደ።

ጌትዬ ትኬቱን ኪሱ አድርጎ ለስንብት ቅዳሜ መጣ። በሩን ሲከፍት ማዳም ጆዜት ተቀምጣለች፤ ሙሴ ፖልም አለ፤ የመሥሪያ ቤታቸው ሰው፣ ፓርክዴል የምትኖር አስተማሪ፣ የእኔ ኮንጎ ከነጊታሩ፣ በዚያ ከተማ በፈረንሳይኛ የሚያኮርፍ ሁሉ የጽጌን ሱቅ ሞልቶታል። ሁሉም ስንኝ ይዟል። ሁሉም በተራው ጌትዬ ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ፣ በሚቀጥለውም። የአውቶቡሱ ትኬት ጊዜው አለፈበት። ሰው በርበሬ መግዣ መንገድ አጥቶ ጽጌን ሲሰድባት ሰነበተ። ካሴቱ ከግንባር በተለቀመው ወጣ፤ በአንዱ ገጽ የጋሽ ተካ ባቡር፣ በሌላው ገጽ የእንግዶቹ ስንኝ። በረዶው መቅለጥ ከጀመረ በኋላ ነበር፣ ግን ጌትዬ በዚያ አልተከራከረም።

ጽጌ ግን ጽጌ ናት። የቀረባት ነገር ያንገበግባታል። አንድ ቅዳሜ ማዳም ጆዜትን ጠጋ ብላ፣ በጋሽ ተካ አስተርጓሚነት፣ ለሁለተኛው ካሴት እንደገና አፕላይ ብናደርግስ አለቻት። ማዳም ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየች። ከዚያ በሐዘን ራሷን ነቀነቀች። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ፈረንሳይኛ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ሁሉ እዚህ ተቀምጧል፣ አንድ እንኳ ስንኝ ያልሰጠ አልቀረም፤ ማን ይፍረድላችሁ አለች። ጋሽ ተካ ይህን ተርጉመው ሳይጨርሱ ጌትዬ የማሲንቆውን ጭራ እየወጠረ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣

«አዝማሪ ፊት ተቀምጦ ዳኛ ሆኖ የተነሣ ማን አለ?» አለ።