ለሁሉም አፈር አንድ ካስማ

ጥናቱ በመጨረሻ ድንኳኑ ላይ ደረሰ። በዚያ ዘመን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ያልተጠና ነገር ማግኘት ይከብድ ነበርና ማንም አልተገረመም።

ኤልሳዕ የዞኑ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ድንኳን ተካይ ነው። በጊዜያዊነት በሠራባቸው አሥራ አንድ ዓመታት አንድም ድንኳን ወድቆበት አያውቅም፤ ካስማ ከመምረጡ በፊት አፈሩን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል። ለሶዶ ጠጣር ቀይ አፈር አጭር ብረት ይመታል፣ ለጉኑኖ ጭቃ ሁለት ሁለት ያደርጋል፤ ለተበላ ከተማ ልል አፈር ደግሞ ክንድ ተኩል የሚሆን የባሕር ዛፍ ካስማ ዘንበል አድርጎ ይቀብራል። የዚያን ዓመት ግምገማ ካለፈ ቋሚ ይሆናል ተብሏል። ባለቤቱ ትርፌ ይህንኑ ጉዳይ በጸሎት ቤት የጸሎት ርዕስ አድርጋ ካስያዘች አራት ዓመቷ ነው።

በግምገማው መክፈቻ ላይ ኃላፊው አቶ ቸርነት የጥናቱን ውጤት አነበቡ። ኤልሳዕ ለተበላ ረጅም ካስማ እየሰጠ ሶዶን በአጭር ማስቀረቱ፣ ለጉኑኖ ደግሞ ድርብ መፍቀዱ የፍትሐዊነት ጉድለት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የሦስቱ ርዝመት ተደምሮ ለሦስት ተካፍሎ፣ አርባ ሦስት ነጥብ ሦስት ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ካስማ ጸድቋል።

«የተበላ አፈር ይሄን አይዝም፣ አቶ ቸርነት» አለ ኤልሳዕ በትሕትና።

«እሱ የአፈሩ ችግር ነው። አንተ የራስህን አመለካከት አስተካክል።»

በሳምንቱ የጥናቱን ውጤት ለእንግዶች ለማብሰር ተበላ ላይ በዓል ተዘጋጀ። ካስማዎቹ ገመዱ ገና ጠበቅ ሲል ተነቀሉ። ኤልሳዕ ረጃጅሞቹን ከመኪናው ላውርድ ቢል፣ ጥናቱን ወደ ኋላ መጎተት ነው ተባለ። አቶ ቸርነት ለበዓሉ የተጠሩትን ገበሬዎች ቃኘት አደረጉና በእያንዳንዱ ገመድ ላይ አንድ አንድ ሰው መደቡ፤ ይህም ሕዝባዊ ተሳትፎ ተብሎ ተመዘገበ። አንዱ ገመድ ሰው ቢጎድለው ኤልሳዕ ራሱ ያዘው።

እንግዶቹ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ገመድ ያዦቹ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ጥላው ለሁሉም እኩል መዳረሱን የሚያብራራ ንግግር ሁለት ሰዓት ሙሉ አዳመጡ። ነፋሱ ድንኳኑን በነፋው ቁጥር ገመዱ ይጎትታቸዋል። ከኤልሳዕ ቀጥሎ የቆሙት ሽማግሌ፣ አባ ገብረማርያም፣ መዳፋቸው ተልጦ ይደማ ጀመር። ኤልሳዕ በራሱ አፈረ። ግን ቋሚ ቅጥሩን አስቦ ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

አቶ ቸርነት ንግግራቸውን ሲጨርሱ «ለዚህ ስኬት ሞቅ ያለ ጭብጨባ» አሉ።

ገበሬዎቹ ዞረው ኤልሳዕን አዩት። ኤልሳዕ የመገምገሚያ ቅጹን በሐሳቡ ገለጠ። ስለማጨብጨብ የሚል መስመር አለ፤ ገመድ ስለመያዝ የሚል የለም። ለቀቀና አጨበጨበ። ሁሉም ለቀው አጨበጨቡ። ድንኳኑ ቀስ ብሎ እንግዶቹ ላይ ተኛ። ከሥሩ ጩኸት ቢሰማም፣ አቁሙ የሚል ግልጽ መመሪያ ስላልወረደ ጭብጨባው ቀጠለ።

በወሩ ለኤልሳዕ፣ በማጨብጨብ መስመር ሙሉ ነጥብ አግኝቷል የሚል ደብዳቤ ደረሰው። አሥራ አንድ ዓመት ድንኳን ሲያቆም ያላየው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ሲጥል ቋሚ አደረገው።