ቤት በፀሐይ አይታይም

ደላላ ቤት ይሸጣል፤ ባለቤት ግን ይናዘዛል። ቤቱን ራሱ የሚሸጥ ሰው ገጥሟችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። በራቸው ላይ «ያለ ደላላ፣ ከባለቤቱ» ብለው ስለለጠፉ ሰፈሩ «ክቡር ባለቤቱ» የሚላቸው ጡረተኛ ደግሞ የተናዛዦቹ ሁሉ አለቃ ነበሩ።

አንዲት ልብስ ሰፊ የደወለችላቸው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ነው። አከራይዋ ልቀቂ ብሏታል፤ እናቷንና የስፌት መኪናዋን ይዛ የምትገባበት ካላገኘች ጎዳና መውጣቷ ነው።

«አሁን ልምጣ?»

«ዛሬማ ምን ልታዪ? ቤት በፀሐይ አይታይም! ሲዘንብ እደውልልሻለሁ።»

ገረማት። መሸጥ የማይፈልግ ሰው ለምን ማስታወቂያ ይለጥፋል? ሳምንቱን ሙሉ እየሰፋች ሰማይ ሰማዩን ስታይ ሰነበተች።

ዶፉ ሲወርድ ስልኳ ጮኸ። ክቡር ባለቤቱ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሚኒስትር እንደሚቀበል ሰው በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቋት። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ ወደ ጓዳ ወሰዷት።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ያፈሳል!» ሰማያዊ ሳፋ ጠብታውን ይቀበላል። «ያ በር ከፍ ካላደረግሽው አይዘጋም። ጎረቤትሽ ደግ ነው፤ ዶሮው ግን አያስተኛሽም። ደላላ ቢሆን ይሄን ይነግርሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ከእሷ በፊት የመጡት እዚህ ላይ ሲደርሱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ውልቅ ብለዋል። እሷ ግን ሳትጠይቅ መሄድ አላስቻላትም።

«አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መሸጥ ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ እንጂ! ልጄ ዘንድ ልገባ ነው፤ ከመታጠፊያው ማዶ። ታዲያ ነገ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊትሽን ልታዞሪብኝ ነው? በዚህ ዕድሜዬ ሰላምታ የሚነሳኝ ሰው አልፈልግም።»

አንጀቷን በሉት። ያኔውኑ ተስማሙ።

ቤቱን እንደተረከበች መጀመሪያ ያሠራችው ጣሪያውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ በሩ ተንኳኳ። ክቡር ባለቤቱ ናቸው፤ ውሃ በውሃ ሆነው ሰማያዊውን ሳፋ ታቅፈዋል።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ! ከዕቃዬ ጋር ጠቅልዬው ሄጄ… ጓዳው ራሰ አይደል?»

እናቷ «ጣሪያውማ…» ብለው ሲጀምሩ ልብስ ሰፊዋ ጠቀሰቻቸው።

«እንኳን መጡልን አባባ! ጨንቆን ነበር እኮ!» አለችና ሳፋውን ተቀብላ፣ ደረቁ ወለል ላይ የድሮ ቦታው አስቀመጠችው።

ክቡር ባለቤቱ በእፎይታ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። «አየሽ? ደላላ ቢሆን ሳፋ ይዞልሽ ይመጣ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለች፣ በሩን ከፍ አድርጋ እየዘጋች።